የቅንድብ እሺታ

ጆአናሲ የሆስፒታል ክፍሉን መስኮት አይወደውም። መስኮቱ ምን በደለው? ዛፎቹ ናቸው እንጂ። እሱ ባደገባት በሰሜን ካናዳዋ የበረዶ መንደር በፓንግ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሲመጣ ገና ከሩቅ፣ ነጥብ ሳለ ይታያል። ማን እንደሆነ በአካሄዱ ይለያል፣ ሻይ ይጣድለታል፣ ወሬው ይዘጋጅለታል። እዚህ ኦታዋ ግን ዛፉ እንደ አጥር ሁሉን ይጋርዳል። ሰው የሚመጣው ድንገት ነው፤ የሚሄደውም እንደዚያው ድንገት ነው። የሚወዳት ሊቲያም እንደዚያ ነው የሄደችበት።

በረዶው ሊለቅ ሲል ነበር፣ በበረዶ ሞተሩ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣው። የለመደው መንገድ ነውና ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ የተሰነጠቀው በረዶ ሞተሩን ገልብጦ እሱን ከቋጥኝ ጋር አላተመው። ጭንቅላቱ ተመታ፣ የአንገቱ አጥንት ተሰነጠቀ፣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። የፓንግ ጤና ጣቢያ የነርሶች ቤት ናት። የዛለ እግር የሚያሠራ፣ የጠፋ ቃል የሚያፈላልግ ባለሙያ እዚያ እንግዳ ነው፤ አየሩ ሲፈቅድ በአውሮፕላን ብቅ ይልና ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ ይመለሳል። ስለዚህ ጆአናሲን ጭነው ወደ ደቡብ አመጡት። በደቡብ ሁሉም ነገር አለ፤ ወረፋም አለ። እግሩን የሚያሠሩት ሰዎች ቶሎ ተገኙ። የንግግር አሠልጣኟ ተራ ግን በጋው አልፎ ቅጠሉ እስኪረግፍ አልደረሰውም።

ከቃላቱ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት፤ «አይ» የምትለው። ምንም ቢያስብ ምን ከአፉ የምትወጣው እሷ ናት። «አመመህ?» ሲሉት «አይ»፤ «ተሻለህ?» ሲሉትም «አይ»። የወደደውን ሾርባ ከፊቱ ሊያነሱበት ሲሉ «አይ፣ አይ» ይላል፤ እነሱም «እሺ፣ እሺ፣ ይኸው ወሰድነው» ብለው ይሄዳሉ። ሾርባውን በዓይኑ ይሸኘዋል።

ይህ ግን እንደሚገባው አላስጨነቀውም። የፓንግ ሰው እሺ ለማለት አፉን አያስቸግርም፤ ቅንድቡን ብድግ ካደረገ እሺ ነው፣ አፍንጫውን ከሸበሸበ እምቢ ነው። ሕፃን እንኳ አፉን ከመፍታቱ በፊት ይህን ያውቃል። ሐኪሞቹ ባያውቁት ፈረንጅ ናቸውና አልፈረደባቸውም። የራሱ ሰዎች ያውቁታል። ሊቲያ ታውቀዋለች።

እንዲያውም ሊቲያን ያገኛት በቅንድብ ነው። በመንደሩ አዳራሽ፣ አኮርዲዮኑ ሲጮህ፣ ሕዝቡ ሲጨፍር፣ እሷ ወዲያ ማዶ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጣ ነበር። እሷ የተማረች፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ፤ እሱ ክፍል ጠልቶ በረዶ ላይ ያደገ። ጆአናሲ ወደ በሩ ዓይኑን ጣል አድርጎ እንደገና ወደ እሷ መለሰው፤ እንውጣ ወይ ማለቱ ነው። ሊቲያ ወደ ጎን አየች፣ ወደ ጣሪያው አየች፣ ኋላ ግን ሁለቱ ቅንድቦቿ ብድግ አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሰማት እሱ ብቻ ነበር። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ እሺታ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንገቱ ገና በድጋፍ ታስሮ ሳለ፣ ነርሷ ታብሌቱን ከፊቱ ስትይዝለት ሊቲያ በስክሪኑ ላይ መጣች። ፀጉሯን ጎንጉናዋለች። የምትለውን ቀድማ ያሰበችበት ትመስል ነበር።

«ጆአናሲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እኔ እዚህ ነርሶቹ እያሳዩኝ አንተን ማሠራት መማር ጀምሬያለሁ፤ እጅህን፣ እግርህን። ሲመለስ እኔ ነኝ የምይዘው ብያቸዋለሁ። ግን አንተን አልጠየቅኩህም። ለይሉኝታ አትመልስልኝ። ልጠብቅህ?»

ቅንድቡን ባለ በሌለ ኃይሉ ብድግ አደረገ። ያቺ ከይሲ አፉ ደግሞ በመሃል «አይ» አለች፤ እሱም አልተጨነቀባት፣ ሊቲያ አፍ የምትሰማ ሰው አይደለችምና። እሷም ብዙ አየችው። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ፣ አንድ የጠፋ ነገር እንደምትፈልግ ሁሉ አየችው።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ከዚያ በኋላ አልደወለችም። ጆአናሲ እንደሰው ጠበቀ፣ እንደሞኝ ጠበቀ፣ ኋላም እንደበደለኛ ጠበቀ። እሺ እያልኳት እሺ ብላኝ፣ ምን ሆና ጠፋች እያለ ራሱን በላ። ዞሮ ዞሮ የደረሰበት መልስ አንድ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋን ሰው ማን ይጠብቃል? አልፈረደባትም። ባይፈርድባትም ግን አቃጠለው፤ የሚነግረውም ሰው አልነበረም።

ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ አብሮት የሰነበተው ወንድሙ ሚስቱ ልትወልድ ነውና ወደ አገሩ ተመለሰ። በእሱ ፈንታ አስታማሚ ሆና የመጣችው ኡሊፒካ ነበረች።

ኡሊፒካ የሊቲያ አክስት ናት። ባሏ በሞተ በዓመቱ ጆአናሲ ተወለደና የሟቹን ስም ወረሰ። በፓንግ ስም የወረሰ ዝምድናንም ይወርሳል፤ ስለዚህ ገና በአንቀልባ ሳለ «ባሌ» ብላ ጠራችው፣ እሱም አፉን ሲፈታ «ሚስቴ» አላት። ሊቲያን የወደደ ጊዜ መንደሩ «አክስትና የእህት ልጅ በአንድ ባል ተጣሉ» እያለ ክረምቱን ሙሉ ስቋል።

«ባሌ» አለችው ከበሩ ገና ሳትገባ፤ «አንተ እዚህ የፈረንጅ ሾርባ ትጠጣለህ፣ እኔን ጎረቤቱ ሁሉ ‹ባልሽ ፈቶሽ ነው ወይ› ይለኛል።»

ከጃኬቷ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ አወጣች። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው የጎኑ በሽተኛ መስኮቱን ክፈቱልኝ አለ። ጆአናሲ በግራ እጁ ቁራሽ አንስቶ አፉ ውስጥ ጨመረ። ባሕሩ፣ ተራራው፣ የእናቱ ደጅ፣ ሁሉም በምላሱ ላይ መጡ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ኡሊፒካ እስኪውጥ ጠበቀችው። ደግ ሴት ናት፤ ግን ነገር አታሳድርም።

«አሁን ንገረኝ። ልጅቷን ለምን ፊት ነሳሃት?»

ጆአናሲ ሁለተኛ ቁራሽ ሊያነሳ የሰደደውን እጁን መለሰ።

«አታፍጥብኝ። ልጠብቅህ አለችህ፣ አይ አልካት።»

«አይ» አለ ጆአናሲ።

«ይኸው፣ እኔንም አይ ትለኛለህ። አፉ እንደተበላሸ አውቃለሁ ብላኛለች እኮ፣ ሞኝ አይደለችም። ፊቱን ነው ያየሁት አለችኝ። አንዴ ቅንድቡን ብድግ ቢያደርግልኝ ፀጉሬ እስኪሸብት እጠብቀው ነበር፣ እሱ ግን እንደ ግድግዳ አየኝ አለችኝ። ስትነግረኝ እንዴት እንዳለቀሰች አላየህ።»

ጆአናሲ ቅንድቡን ብድግ አደረገ። ደግሞ አደረገ። ግንባሩ እስኪደክመው አደረገ።

«እንዲህ ነው እንግዲህ ያያት» አለች ኡሊፒካ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «እንደዚሁ ድርቅ ብሎ።»

አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል ብሎ አሰበ። ሌላ ምን ያስብ?

«መማሩንም ተወችው» ቀጠለች። «ኢካሉዊት ከተማ ሥራ አግኝታለች። ነገ የዚህ ሆስፒታል ሰዎችና የእኛ ጤና ጣቢያ በስክሪን ይሰበሰባሉ፤ የለሁበትም ብዬ በአፌ ልንገራቸው ብላለች። ከዚያ አውሮፕላኑ ሲመጣ መሄዷ ነው። እዚያ የሚያሠራህ ሰው ከሌለ ደግሞ እነዚህ ወደ ቤት አይሰዱህም። እዚሁ ደቡብ መጦሪያ ያስገቡሃል። ሰምተኸኛል?»

ሰምቷታል። ወደ ማረፊያዋ ስትሄድም ከዛፎቹ ጋር ብቻውን ቀረና ያለችውን እያነሳ ጣለ። ሰው እሺ ሲል እሺታውን አላየንም ብለው ሁሉም በአንድ ቃል ቢያድሙበት ለማን አቤት ይላል? እናቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን ብቻውን የሆነበት ቀን የለም።

በማግስቱ ጠዋት የንግግር አሠልጣኟ ተራ ደረሰው። ማርጎ ትባላለች፤ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ ወጣት ናት። ለማርጎ ሁሉም ነገር ጎበዝ ነው። ውሃ ሲውጥ ጎበዝ፣ ትን ሲለው ጎበዝ፣ «አይ» ሲልም ጎበዝ። ኡሊፒካ ከኋላው ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጎበዝ በተባለ ቁጥር ትስቃለች።

«እስቲ ፈገግ በልልኝ። ጎበዝ። እስቲ ቅንድብህን ወደ ላይ። በጣም ጎበዝ።»

አየሽ ሚስቴ ሊላት ፈለገ፤ ይቺ ፈረንጅ እንኳ አየችው።

«አሁን ደግሞ ራስህን እያየህ» አለችና ማርጎ መስታወት አምጥታ ከፊቱ አቆመች።

ጆአናሲ ከአደጋው ወዲህ ፊቱን በቅጡ አላየም ነበር። የክፍሉ መስታወት የተሰቀለው ለቆመ ሰው ነው፤ ለተቀመጠ የሚያሳየው ጣሪያውን ነው። ፂሙን የሚላጨው ወንድሙ ነበር፤ እሱም ፊቱ የደረቀው በሐዘን መስሎት ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ከስቶ ያገኘውን ሰው ሰላም ሊለው ፈለገና ቅንድቡን ብድግ አደረገ።

ሰውየው ዝም ብሎ አየው።

እንደገና አደረገ። ግንባሩ ከውስጥ ሲሠራ ይሰማዋል፣ ይጎትታል፣ ይደክመዋል። በመስታወቱ ውስጥ ግን አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። በግራና በቀኝ ሁለት ቅንድቦች እንደተኙ አሉ። ነርሶቹ ዓይኑ እንዳይደርቅ ጠብታ የሚያደርጉለት ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። ሊቲያ በስክሪኑ ላይ ተጠግታ ስትፈልገው የነበረው ነገር ምን እንደሆነም ገባው። ፈልጋ፣ ፈልጋ፣ ያጣችው ይህንን ነው። በስክሪኑ ጥግ የራሱ ምስልም እንደነበረ ትዝ አለው፤ ግን ሊቲያ መሃል ላይ እያለች ጥግ የሚያይ ማን አለ?

በዚያ ድርቅ ባለ ፊት ላይ እንባው ወረደ።

ማርጎ ደንግጣ ጨርቅ አነሳች። «ዓይኑ ነው፣ ጠብታው ይሆናል።»

«ጠብታው አይደለም» አለች ኡሊፒካ። ተነስታ ከጎኑ ቆመች፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ። «ባሌ፣ ትናንትና እሺ እያልከኝ ነበር?»

የቻለውን አደረገ። ምንም አልታየም። አሁን ግን እሷ የምታየው ቅንድቡን አልነበረም፤ እንባው በቂዋ ነበር።

«ውይ» አለችና ግንባሩን በመዳፏ ያዘችው። «ውይ፣ የኔ ጌታ። እኔስ ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?»

ማርጎ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። ኡሊፒካ የራሷን ቅንድብ በጣቷ መታ መታ አደረገችላት። «እኛ ዘንድ እሺ የሚቀመጠው እዚህ ነው። አንቺ ጎበዝ ስትይው የነበረው በሞተ ቅንድብ ነው።»

ማርጎ ቀላች። የፊቱ ነርቭ እንደተጎዳ፣ በጊዜ ሊነቃ እንደሚችል፣ ላይነቃም እንደሚችል በዝግታ ነገረቻቸው። ኋላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኛ እኮ ‹ጥያቄ አይገባውም› ብለን ነው የያዝነው» አለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጎበዝ አላለችም።

ስብሰባው ከምሳ በኋላ ነበር። ትልቁ ስክሪን ሲበራ የፓንግ ጤና ጣቢያ ጠባብ ክፍል ታየች፤ ነርሷ በአንድ በኩል፣ ሊቲያ በሌላው። ካፖርቷን አላወለቀችም። እንደሚሄድ ሰው ነው የተቀመጠችው። ከኋላዋ ባለችው መስኮት በረዶው በነፋስ ሲግለበለብ ይታያል፤ ምስሉም አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይጎተታል። ጆአናሲ መጀመሪያ ያየው ፀጉሯን ነው። ጉንጉኑ የለም።

«ቶሎ ልናገርና ልሂድ» አለች ወደ እሱ ሳታይ። «እሱን ማሠራቱን ሌላ ሰው ይማርላችሁ። እኔ አልችልም።»

«ሊቲያ፣ የኔ ልጅ፣ ስሚኝማ» ብላ ኡሊፒካ ተነሳች። «ቅንድቡ እኮ…»

«አክስቴ፣ አንቺ ስለሱ አትናገሪ። እናንተ ሁላችሁም ስለሱ ትናገራላችሁ። ይወድሻል ትሉኛላችሁ፣ ታሞ ነው ትሉኛላችሁ። እኔ የጠየቅኩት እሱን ነው። በአፉ አይ ቢለኝ ባልከፋኝ። ፊቱ ግን አላዘነልኝም። እኔ እዚህ ልብስ ሳጥብ፣ ልጆች ሳስተምር፣ ያ ፊት ነው የሚመጣብኝ። ሰው የማይፈልገውን ሰው እግር ማሸት አልችልም።»

ኡሊፒካ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጆአናሲ የወንበሩን ክንድ በግራ እጁ መታ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ሊቲያ ሳታስበው ቀና አለች።

ዓይን ለዓይን ሲገናኙ የሰበሰበችው ቁጣ ሁሉ ከፊቷ ላይ ወረደ። መክሳቱን አየች መሰል።

«ደህና ነህ?» አለች፣ በለሆሳስ።

«አይ» አለ አፉ፤ ውሸትም አልነበረም።

«ጆአናሲ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የምጠይቅ ሴት አይደለሁም። አንተም ታውቀኛለህ። ግን ይኸው ጠየቅኩህ። ልጠብቅህ?»

«አይ» አለ አፉ።

ሊቲያ ዓይኗን ጨፈነች። ጓንቷን ከጠረጴዛው ላይ ልታነሳ እጇን ሰደደች።

ጆአናሲ ግራ እጁን አነሳ። ሌባ ጣቱን ከቅንድቡ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ገፋው። ቅንድቡ እንደ ከበደ መጋረጃ ተነሳ፤ ዓይኑ ያለ ልክ ተከፈተ። ከጎን ለሚያየው የሚያስቅ መልክ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። «አይ» አለ አፉ እንደገና፣ ጣቱ ግን አልወረደም። ኋላም አንዱ እሺታ እንዳነሰበት ሁሉ ጣቱን ወደ ሌላኛው ቅንድብ አሻግሮ እሱንም ገፋው። ደግሞ ወደ መጀመሪያው መለሰው።

ሊቲያ ጓንቷን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ፊቷ ስክሪኑን እስኪሞላው ተጠጋች።

«ምንድነው የምታደርገው?» አለች። «ቅንድብህ… ራሱ አይነሳም?»

«አይ» አለ አፉ እንደ ልማዱ።

«በዚያን ቀንም እንዲህ ነበር? እሺ እያልከኝ ነበር?»

ገፋው። ከግንባሩ ጋር እስኪጣበቅ ገፋው።

«እኔ ደግሞ ስሰድብህ ከረምኩ» አለች፣ እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ እየወረደ። «አንተ ጅል፣ ያን ሁሉ ወራት እዚያ ብቻህን እሺ፣ እሺ ትል ነበር? እጅህን አታውርድ። ቆይ፣ ልየው። እኔን የትኛውን ስሚ ነው የምትለኝ ታዲያ፣ አፍህን ወይስ ጣትህን?»

ጣቱን አላወረደም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሳቀ። ሊጠይቃት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኑን ወደ በሩ ጣል አደረገና እንደገና ወደ እሷ መለሰው፣ ያኔ በአዳራሹ እንዳደረገው።

ሊቲያ አየችው። ወደ ጎን አየች። ወደ ጣሪያው አየች።

በፓንግ ነፋሱ በረታ መሰል፣ ምስሉ ደረቀ። ድምፁም ጠፋ። በትልቁ ስክሪን ላይ ሊቲያ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ጉንጮቿ እንደረጠቡ፣ ሁለት ቅንድቦቿ ወደ ላይ ብድግ እንዳሉ ቀረች።

ማርጎ ገመዱን ነካካች፣ ቁልፉን ተጫነች። «በዚህ አየር ዛሬ አይመለስም» አለች። ስክሪኑን ልታጠፋው እጇን እየዘረጋች የሊቲያን ፊት አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን፣ እንዴት ነው የደነገጠችው።»

«አይ» አለ ጆአናሲ።

ያቺ አንዲት ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰበችውን ሆና ወጣች። ኡሊፒካ ከኋላው ስትስቅ ተሰማች። ማርጎም ወደ እሱ ዞራ ጥቂት አየችውና እጇን ከማጥፊያው ላይ መለሰች።